በበርሜል የጠመቅሁት ጠላ

ቤልግሬድ፣ ዩጎዝላቪያ
የካቲት ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለማሬ አያሌው፤
እስቴ።

እንደምን ሰንብተሻል? አባትሽ አቶ አያሌው ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? የዘንድሮው ገብስ ደህና ገባ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ትምህርቱም እየገፋ ነው፤ የከብት ሕክምናውን አጋምሼዋለሁ። ደህና አይደለሁም የምልበት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ወደ ታች ስወርድ እጽፈዋለሁ።

ወንድምሽ ጓዴ በኅዳር የጻፈልኝ ደብዳቤ በጥር መጀመሪያ ደረሰኝ። ነገሩን አላሽሞነሞነውም። «ከወገዳ አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮ ማሬን ጠይቋል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋና ሠርቶ አዳሪ ሰው ነው። ማሬ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አስቤ መልስ እሰጣለሁ ብላለች። የናንተ ሰማንያ ገና አልፈረሰምና የምትለው ካለህ በል፤ ዝም ካልህ ግን እንደ ፈቀድህ ይቆጠራል» ይላል። ደብዳቤውን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ሴትዮ ታምሜ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ።

ካየሁሽ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሽ መልስ አላገኘሁም። አልፈርድብሽም። ሦስቱንም መለስ ብዬ ሳስባቸው ስለ ትምህርቴ፣ ስለ በረዶውና ስለ ባቡሩ ነው የጻፍሁት። ላንቺ የሚሆን አንድ መስመር አልነበረባቸውም።

ጓዴ፣ ይህን የምታነብላት አንተ ነህና አንድ ነገር ልለምንህ፤ ወደ መጨረሻው አትዝለል። እንደ ተናደድህብኝ አውቃለሁ፣ ልክም ነህ። ቢሆንም በተጻፈበት ተራ አንብብላት። መጀመሪያ የማወራው ስለ ምግብ ነው። «ሰውየው ፈረንጅ አገር ሄዶ ሆዳም ሆነ» ብላችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም፤ እንዲያውም ብትስቁ ደስ ይለኛል።

ማሬ፣ እዚህ የደረስሁ ሰሞን ከተማሪዎች ማደሪያ ነበር የምበላው። በሁለተኛው ቀን በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ አቀረቡልኝ። ርቦኝ ስለነበር ሦስቱን ዋጥ ዋጥ አደረግሁ። አራተኛውን ስጀምር አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ «የምን ሥጋ ነው?» ብዬ በምልክት ጠየቅሁት። በጣቱ አፍንጫውን ወደ ላይ ገፍቶ እንደ አሳማ አጉረመረመልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ብቻ ግቢው ውስጥ ያለች አንዲት ዛፍ ታውቀዋለች።

በማግስቱ አብሮኝ የሚማር የቦስኒያ እስላም ልጅ ነገሩን ሰምቶ አዘነልኝ። «ና፣ አሳማ የማይገባበት ቤት እወስድሃለሁ» ብሎ ወደ አጎቱ ምግብ ቤት ወሰደኝ። የበግ ጥብስ መጣ፤ ሽታው ልብ ያጠፋል። እጄን ታጥቤ አማትቤ ልጎርስ ስል ያረደው ማን እንደ ሆነ ትዝ አለኝ። እጄ መንገድ ላይ ቀረ። ልጁ ትንሽ አየኝና ገባው፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው። «እንግዲህ አንተ ሰው ሣር ብላ!» አለኝ። እውነትም ሣር በላሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ባቄላ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ማርማላታ ነበር ቀለቤ። ያ ልጅ ግን አልተቀየመኝም፤ እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ከእናቱ የተላከለትን ዘቢብ ያካፍለኛል።

ነጋዴው ሳሊም በእስቴ ገበያ የራሱን ስንቅ አገልግሉ ውስጥ ይዞ ሲዞር «ይኼ ሰው ምን አስቸገረው» እል ነበር። ይህንንም ደብዳቤ ከደብረ ታቦር ፖስታ ቤት ተቀብሎ የሚያደርስልሽ እሱ ነው። አገልግሉን የተሸከመበት ምክንያት አሁን ገብቶኛል በይልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝም በይልኝ።

በሁለተኛው ዓመት ከተማሪዎች ማደሪያ ወጥቼ አንዲት ባሏ በጦርነቱ የሞተባት አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ስሟ ሚሊትሳ ነው። እኔ እማማ እላታለሁ። ቁጣዋ እንደ በርበሬ ነው፤ ግን ከአፏ አያልፍም። ስለሷ ብጽፍ ወረቀቱ አይበቃኝም። ቢሆንም ሁለት ነገር ልንገርሽ።

አንደኛው የበርበሬው ነገር ነው። እዚህ አገር መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ በየግቢው እሳት አንድዶ ቀይ ቃሪያ ይጠብሳል። ልጣጩን ገፎ፣ ፈጭቶ፣ በዘይት አብስሎ ለክረምቱ ብርድ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ቀን ያ ሽታ በመስኮት ሲገባ ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ ወጣሁ። የናንተ ደጅ መስሎኝ ነበር። «ልርዳሽ» አልኋት፤ ቢላዋ ሰጠችኝ። በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁትና ቀኑን ሙሉ ፊቴን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክሬ ዋልሁ። ባየሽኝ ኖሮ ሆድሽን ይዘሽ ነበር የምትስቂ።

ሁለተኛው የኒቆላዎስ በዓል ነው። እነሱ እያንዳንዱ ቤት ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ቅዱስ አለው። ቀኑ ሲደርስ ቄስ መጥቶ ዳቦ ይባርካል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሚሊትሳ ጧፍ አብርታ መሐል ጠረጴዛ ላይ ሳህን አኖረች። ክዳኑን ሳነሣው የተቀቀለ ስንዴ ሆኖ አገኘሁት። «ንፍሮ!» ብዬ ጮህሁ። ቄሱ ደነገጡ። ስኳርና ለውዝ የመሰለ ነገር ገብቶበታል፤ ይሁን፣ ንፍሮ ንፍሮ ነው። ጾሙ የነቢያት ስለነበር ዓሣ አቀረበች። «እኛ ቤት በጾም ዓሣም አይበላም» ብላት «እንግዲያው ከቄሱ በለጥህ!» ብላ እየተቆጣች ባቄላ አመጣችልኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ። እግዚአብሔርን አመሰገንሁት። ከዘመድ ርቄ ሳለሁ ዘመድ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ጓዳ መግባት ጀመርሁ። አዎ፣ እኔ ደምሌ! እናቴ ነፍሷን ይማርና ጓዳ ብቅ ስል «ውጣ፣ ወንድ ልጅ ምን አለው ከዚህ» ትለኝ ነበር። እኔም ነገሩ ተመችቶኝ ኖርሁ። አሁን የሚያስወጣኝም የሚሠራልኝም ጠፋ። ሽሮ አማረኝ። አተር ገዝቼ ቆላሁት። ወፍጮ ስለሌለ በሚሊትሳ የነሐስ ቡና መፍጫ እፍኝ በእፍኝ ፈጨሁት። አንድ ሳህን ሽሮ የሚወጣው ዱቄት ለማግኘት ከጧት እስከ ቀትር እጀታ ስጠመዝዝ ዋልሁ፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ከዚያ የፈላ ውኃ ላይ ዱቄቱን አንድ ጊዜ ገለበጥሁበት። ጓጎለ። ሚሊትሳ ማንኪያውን ነክራ አንሥታ አየችውና «ይኼ ለግድግዳ ወረቀት ማጣበቂያ ነው?» አለችኝ። ሰባት ጊዜ ሞክሬ በስምንተኛው ተሳካልኝ። ስምንተኛውን እሷም በልታ «ደግመህ ሥራ» አለች።

ማሬ፣ እየቀለድሁ ነው የምጽፍልሽ፤ ነገር ግን ያን ቀን ከመፍጫው ጋር ስታገል አንቺ ትዝ አልሽኝ። እኔ ለአንድ አፍ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ውኃው በቧንቧ ነው የመጣልኝ፣ እንጨቱን የሚያደርስ ሰው አለ። አንቺ ውኃውን ወርደሽ ቀድተሽ፣ እንጨቱን ለቅመሽ፣ በወፍጮው ላይ ጎንበስ ብለሽ ፈጭተሽ፣ እኔንና እንግዳዬን ሁሉ አብልተሽ አሳደርሽ። እኔ የምልሽ ምን ነበር? «ዛሬ ጨው በዛ።» ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እግዜር ይስጥልኝ ያልሁበትን አንድ ቀን ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ አሁን እላለሁ፤ ስላበላሽኝ ሁሉ፣ ስላጠጣሽኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ከልቤ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እዚህ ከተማ አምስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አለን። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር እንጠጣለን። ታላቃችን ወልደ ሩፋኤል የሚባል የስማዳ ሰው ነው፤ መድኃኒት ቅመማ ይማራል። እስካሁን ተራው የደረሰው ሁሉ ዳቦና ከሱቅ የተገዛ ቢራ ነበር የሚያቀርበው። የአስተርእዮ ዕለት ተራው የኔ ሆነ። አፌ ነውና «እኔ ጠላ እጠምቃለሁ» አልሁ። ወልደ ሩፋኤል «ኧረ እንዲያው ባታስጎመጀን ምናለ?» አለኝ። በዚያ ላይ እልህ ያዘኝ።

ብቅል ለማብቀል ከሱቅ ነጭ፣ ያማረ ገብስ ገዛሁ። ነክሬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ምድጃ ሥር አስቀመጥሁት። ትኩሳቱን ለማወቅ ላም የምንለካበትን የሙቀት መለኪያ ሸጎጥሁበት፤ አዲስ ነው፣ አትጸየፊ። በየቀኑ በደብተር እመዘግባለሁ። ስድስት ቀን ጠበቅሁ። አንድም ፍሬ አልበቀለም፤ ቤቱ ግን ሸተተ። ሚሊትሳ «ምን ቀብረህበታል?» ብላ ጨርቁን ገለጠችው። አየችና ሳቀች። «ይኼ እኮ የተሸከሸከ ነው፤ ቆዳው የለም፣ ጉንቁሉም የለም። ከምኑ ይብቀል?» እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ባቀረቅርም አነሰኝ። ከዚያ በፈረስ ጋሪ መኖ ከሚሸጥ ሰው ገብስ ገዛሁ፤ በሦስተኛው ቀን ነጭ ጢም አወጣ። እዚያው ምድጃ ሥር ተንበርክኬ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ቀጥሎ ጌሾ። ጌሾ የሚባል እዚህ የለም። ለሚሊትሳ «መራራ፣ መጠጥ የሚያጠነክር ቅጠል» ብዬ አስረዳኋት። እንቅልፍ ሲያስቸግራት አፍልታ የምትጠጣው ደረቅ አበባ አላት፤ እፍኝ ሰጠችኝ። ቢራ የሚሠሩትም በሱ ነው አለች። ቀመስሁት፤ ምሬቱ ከጌሾ አይተናነስም። ወልደ ሩፋኤል ሲሰማ «እንቅልፍ የሚያስወስድ ጠላ ልታጠጣን ነው? ደግ፣ እዚያው እናድራለን» አለ።

የመጀመሪያውን ጥንስስ በትልቅ ጠርሙስ አድርጌ አፉን በሰም ደፈንሁት። እሑድ እኩለ ቀን ላይ የሚሊትሳ እንግዶች ሻይ ሲጠጡ ጠርሙሱ ፈነዳ። ድፍድፉ ጣራው ላይ ተለጠፈ። ሚሊትሳ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አማተበች፤ ጦርነቱ የተመለሰ መስሏት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጣራና ግድግዳ ሳጥብ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን ጎመን የምታቦካበትን የእንጨት በርሜል ራሷ እያንከባለለች አመጣችልኝና «ይኼ ይተነፍሳል፤ ጠርሙስ አይተነፍስም» አለችኝ። እንደዚህ ያለች ሴት ናት።

በርሜሉን ደጋግሜ አጠብሁት፣ ወይራ ባይኖር በሌላ እንጨት አጠንሁት። ሁሉንም እንደ ደንቡ አድርጌ ክዳኑን በሊጥ መረግሁት። ሚሊትሳ ጣቷን ቀስራ «ቀኑ እስኪደርስ እንዳትነካው» አለችኝ። እሺ አልሁ። በሦስተኛው ቀን ወልደ ሩፋኤል መጣ። ኩራቴ አላስቀምጥ አለኝ። «እስቲ ቅመስልኝ» ብዬ ሊጡን ፈልቅቄ በኩባያ ቀዳሁለት። ግሩም ነበር! ሁለታችንም ደጋገምነው። ከዚያ ሊጡን በመዳፌ ጫን ጫን አድርጌ መልሼ ለጠፍሁትና ሄድሁ።

ጥር ሃያ ጧት ስከፍተው ላዩ ነጭ ሻጋታ ለብሷል፤ ሽታው ሆምጣጤ ነው። ደሜ ፈላ። ወደ ጓዳ ገባሁና ያችን አሮጊት «ማን ነክቶብኝ ነው? አንቺ ነሽ የከፈትሽው!» ብዬ ጮህሁባት። እጇን አደራርቃ ወደ በርሜሉ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ክዳኑ ላይ የደረቀውን ሊጥ አየችውና «ይኼ የማን አውራ ጣት ነው?» አለችኝ። የራሴ ጣት ሊጡ ላይ ታትሟል። በአጠገቡ ነፋስ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ።

እዚያው በርሜሉ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። የተቀመጥሁበትን ምክንያት ሚሊትሳ አታውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጓዴ፣ ይህን ቀስ ብለህ አንብብላት። አንተም አታውቀውምና ስማ።

ጥቅምት ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. የማኅበሩ ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት ደረሰ። ማሬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትደክም ሰነበተች። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው እኔና ማኅበርተኛችን ቻላቸው ከንፋስ መውጫ ገበያ ተመለስን፤ ጠምቶናል። ማሬ ውኃ ወርዳ ነበር። ጋኑን የመረገችበትን ጭቃ ፈልቅቄ በቅል ቀዳሁ። አንድ አንድ ጠጣን፣ ደገምን። ከዚያ ጭቃውን በመዳፌ መልሼ ለጠፍሁት። ማታ «ደምሌ፣ ጋኑን የነካው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ማን ይነካዋል!» አልኋት። ትንሽ አየችኝ። ሌላ ጭቃ ለውሳ እንደገና መረገችው።

በሃያ አንድ አሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች ተሰበሰቡ። መሪጌታ እንየው ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን ቀመሱና መልሰው አስቀመጡት። ሌላው ፊቱን አጨፈገገ። እኔ ተነሥቼ ሽክናዬን እግርሽ ሥር ደፋሁት። «ለእመቤታችን ያዘጋጀሽው ይኼን ኮምጣጣ ነው? ሴት የሌለበት ቤት ይሻለኛል!» አልሁሽ። ማሬ፣ አንድ ቃል ብቻ ብትናገሪ ኖሮ ያፈርሁት እኔ ነበርሁ። ቻላቸው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። አንቺ ገንቦውን መሬት አስቀምጠሽ፣ አፉን በጨርቁ ሸፍነሽ ወጣሽ። በስምንተኛው ቀን ወደ አባትሽ ቤት ሄድሽ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ስልክብሽ «ልቤ ወደዚያ ቤት አልገባ አለኝ» ከማለት በቀር ለምን እንደ ሆነ አልተናገርሽም። ሽማግሌዎቹ «ኩራተኛ ናት» ብለው ተመለሱ። እኔም «ናት» አልሁ። በዓመቱም ለትምህርት ተመርጬ ወደዚህ አገር መጣሁ።

አንድ ቅል ጠላ ጋን አያበላሽም እያልሁ ራሴን ሳታልል ኖርሁ። ነፋስ እንደሚያኮመጥጠው አላውቅ ይሆናል፤ መዋሸቴን ግን አውቅ ነበር። ውሸቴን አሥራ ሁለት ሰው ፊት አንቺ ላይ ደፋሁት። አንቺ እያወቅሽ የኔን ገበና ሸፈንሽ። እስከ ዛሬ ድረስ ሸፍነሽዋል።

እዚህ፣ ጠላው መኮምጠጡን ባየሁ በማግስቱ፣ በርሜሉን ደብቄ ቢራ ልግዛ ብዬ ነበር። ኋላ ተውሁት። ለጓደኞቼ የኮመጠጠውን ጠላ ቀዳሁላቸውና «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ከፍቼዋለሁ» አልኋቸው። ያንቺንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ወልደ ሩፋኤል ኩባያውን እስከ አተላው ጨለጠ። ጢሙን ጠርጎ «ጥርሴን አላጠረሰኝም ብል እዋሻለሁ። ይሁን፣ ድገመኝ» አለኝ። አራቱም ጠጡት፤ አንዳቸውም አልደፉትም። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ሚሊትሳ የአበባው ነገር መስሏት «እንቅልፍ መጣብህ?» አለችኝ። ሲወጣ ወልደ ሩፋኤል በሩ ላይ ቆመና «ይህን ሁሉ ለእኛ የነገርኸን ለምንድን ነው? እኛ ምን ቤት ነን?» ብሎኝ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይህ አምስተኛው ነው።

በፖስታው ውስጥ ሌሎች ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንዱ ለመሪጌታ እንየውና ለማኅበርተኞቹ የተጻፈ ነው። ጋኑን የከፈትሁት እኔ እንደ ሆንሁ፣ ጠይቀሽኝ እንደ ዋሸሁሽ፣ አንቺ አንዳች ጥፋት እንደሌለብሽ ተጽፎበታል። በጽዋው ቀን ሁሉም በተሰበሰቡበት እንዲነበብ ለምኛለሁ፤ ስድቡ በሰው ፊት ነበርና። የቻላቸውን ስም አልጻፍሁም፤ የራሱን ራሱ ይናገር። ይህን ወረቀት የምትልኪው አንቺ ነሽ። ነገሩ እንዳይነሣብሽ ከፈለግሽ ማስቀረት ትችያለሽ።

ሁለተኛው ወረቀት ሰማንያው እንዲፈታ የፈቀድሁበት ነው። ወልደ ሩፋኤልና ሌላ ጓደኛችን እማኝ ሆነው ፈርመውበታል። የቤቱም የበሬውም ነገር አባትሽ እንደሚሉት ይሁን። የወገዳውን ሰው እሺ ካልሽው ማንም «ባሏ ሳይፈቅድ» እንዳይልሽ ይህን አሳዪ። ደግ ሰው ከሆነ እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ሽማግሌ አልክብሽም፣ አልከራከርሽም።

ሁለቱም ወረቀት ያንቺ ነው። ምኞቴን ብትጠይቂኝ ግን ሁለተኛውን እሳት ውስጥ እንድትጨምሪው ነው። እወድሻለሁ። አብረን ሳለን ይህን ቃል ማውጣት ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ባሕር አቋርጦ ስለሚመጣ ድፍረት አገኘሁ። ትምህርቴ በሚመጣው ዓመት ሰኔ ያልቃል፤ እመለሳለሁ። ብትጠብቂኝ ከዕድሌ በላይ ነው። ባትጠብቂኝም ስላሳየሽኝ ጨዋነት እስክሞት ሳመሰግንሽ እኖራለሁ።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። እመቤታችን ጾሙን በጤና ታስፈጽማችሁ፤ አባትሽን ታጽናልሽ፣ ያሰብሽውን መልካሙን ሁሉ ትሙላልሽ። አባትሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። ጓዴ፣ ሳትዘል ስላነበብህ አመሰግናለሁ።

ማሬ፣ ሰው ከስሙ በላይ የሚጽፈው ቃል አለ። «ባለቤትሽ» ልበል ብዬ ብዕሩን አነሣሁ፤ ያንን ለማለት መብቱ ያንቺ እንጂ የኔ እንዳልሆነ አውቄ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። ጓዴ ብዕር አለው። ምን ተብሎ እንደሚሞላ ንገሪውና ጽፎ መልሶ ይላክልኝ።

. . . . . . . . . . . . . .
ደምሌ